ፈረሱ ውድድር መሆኑን ማን ነገረው?

«ጋሼ ሰላም ኖት? እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ነው ምሰራው፣ እድሜዬ 28። ፈረስ አለኝ፣ ዳማ ነው፣ ስሙን አብሽር ብዬዋለሁ። ሚኖረው አጎቴ ጋ ነው፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ኩታበር መንገድ ላይ፣ እኔ እሁድ እሁድ እየወጣሁ እጋልባለሁ። ብቻችንን ስንሆን ማሻአላህ ነው፣ ሽምጥ ሲጋልብ ንፋስ ነው ሚመስለው። ውድድር ቀን ግን ሌላ ፈረስ ይሆንብኛል። ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ዘጠኝ ሆነን ተወዳደርን፣ ገና መነሻው ላይ እንደቆምን ይሽከረከራል፣ የፊት እግሩን ያነሳል፣ ሌሎቹ ተነስተው ሲሄዱ እኔ ፊቴን ወደ ሰዉ አዙሬ ቀረሁ። ስምንተኛ ወጣሁ፣ እሱም ዘጠነኛው ስለወደቀ ነው። አጎቴ ሰው ፊት ‹ፈረሱ ጀግና ነው፣ ፈሪው ጋላቢው ነው› አለኝ። ልጆች ደሞ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ከዛ ወዲህ ነገ ተነገ ወዲያ ልጋልብ ነው ካልኩ ገና ሃሙስ ማታ ሆዴን ይቆርጠኛል። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ውድድር አለ፣ ተመዝገብ እያሉኝ ነው። ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ፈረሱ? ሽጬው ልገላገል?»
የአብሽር ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ። (ፈረሱን አይደለም፣ አንተን ነው።)

ሽያጩን መጀመሪያ እናንሳውና እንገላገለው። አትሽጠው። ቢያንስ ተናደህ እያለህ አትሽጠው፣ ደላላ ሰው ተናዶ መምጣቱን ከሩቅ ነው ሚያውቀው፣ ግማሽ ዋጋ ይሰጥህና ሲነጋ ትጸጸታለህ።

ደሞ ቪዲዮው። እኔም ወድቄያለሁ እኮ፣ ያንተ ምን አላት። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነጭ በነጭ ለብሼ ከሙሽራው ፊት ፊት እየጋለብኩ፣ የሴቷ ቤተሰቦች በር ላይ ቆመው እልል ሲሉ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እኔ ግን አልቆምኩም፣ በአንገቱ በኩል አልፌ ጭቃው ውስጥ። ያኔ ስልክ ስላልነበረ እግዜር ይስጠው። ግን ቪዲዮ ባይኖርም እስከዛሬ ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ያነሱብኛል፣ ያንተ ቲክቶክ ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው።

እሺ ወደ ጥያቄህ። «እኔ ነኝ ወይስ ፈረሱ» ትላለህ። እስቲ እኔም አንድ ልጠይቅህ፣ አብሽር የዛን ቀን ውድድር መሆኑን ማን ነገረው? ማስታወቂያ አላነበበ፣ አልተመዘገበ፣ አንደኛ ስለወጣ ሚያገኘው ነገር የለ። ለሱ ሜዳ ነው፣ ሳር ነው፣ ሌሎች ፈረሶች አሉ፣ ሰው በዝቷል፣ በቃ። ነገሩ የሞት ሽረት መሆኑን የነገርከው አንተ ነህ፣ በአፍህ ሳይሆን በቂጥህ በጉልበትህና በእጅህ። ዝንብ ስታርፍበት ቆዳውን ለይቶ ሚያንቀጠቅጥ እንስሳ ነው እኮ፣ ጀርባው ላይ የተቀመጠ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ አይሰማውም ብለህ ነው?

ይሄን ፈረንጆቹ ለክተውታል። ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 2009 ያወጡት ጥናት አለ፣ እኔ ሁሌ ነው ምጠቅሰው። ሰዎች ፈረስ ይዘው ወይ ተቀምጠውበት አንድ መንገድ ደጋግመው እንዲሄዱ ተደረገ፣ የሰውየውም የፈረሱም የልብ ምት እየተለካ። መጨረሻው ዙር ላይ ለሰውየው «አሁን ስታልፍ እዚች ጋ ጥላ ይዘረጋል» አሉት። ጥላው አልተዘረጋም! ማንም ምንም አላደረገም። ግን የሰውየው ልብ መምታት ጨመረ፣ የፈረሱም አብሮ ጨመረ። ፈረሱ እንግዲህ ስለጥላው የሰማው ነገር የለም፣ ሰውየው ልብ ውስጥ ያለውን ጥላ ነው ያየው። እኔ ይሄን ሳነብ የኛ ጥምቀት ነው ትዝ ያለኝ፣ ያ ሁሉ ጥላ፣ ያ ሁሉ ከበሮ። ያንተ ፈረስ እውነተኛውም ጥላ አለበት፣ አንተ ሃሙስ ማታ የዘረጋኸውም አለበት።

ድሮ እኮ እኛ ሀገር ሰው በፈረሱ ስም ነበር ሚጠራው፣ የኛው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ነበሩ። ፈረሱ ከሰውየው ተለይቶ ሚታይ ነገር አልነበረም ማለት ነው። አንተም አሁን ሳትፈልግ አባ አብሽር ሆነሃል።

አሁን መነሻው ላይ ምን እንደተፈጠረ ልንገርህ፣ ሳላይህ። ትንፋሽህን ያዝክ። ትንፋሽ ሲያዝ ትከሻ ይወጣል፣ ክርን ይጠብቃል፣ ልጓሙን ወደ ሆድህ ሳብክ። እንዳልወድቅ ብለህ ደሞ በጉልበትህ ሆዱን ጨመቅከው፣ ተረከዝህም ሳታውቀው ጎኑን ነካ። ስለዚህ እግርህ «ሂድ» ይለዋል እጅህ «ቁም» ይለዋል። ምን ያድርግ? ወደፊት እንዳይሄድ አፉ ተይዟል፣ እንዳይቆም ጎኑ ይነካል፣ የቀረው መዞርና ወደላይ መነሳት ነው፣ እሱን አደረገ። እብደት አይደለም፣ ሁለት አለቃ በአንዴ ሁለት ነገር ሲያዝህ አንተስ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ምትሽከረከረው እንደዚሁ አይደል?

ስለዚህ መጀመሪያ ምትሰራው ትንፋሽ ላይ ነው፣ እሱ ደሞ በነጻ ተሰጥቶሃል፣ ስሙን ያወጣህለት ቀን መድሃኒቱን አፍህ ላይ አድርገህ ሳታውቀው ነው የኖርከው። «አብሽር» በለው። ግን ቶሎ ብለህ አይደለም፣ «አብ» ላይ ያዝ አርግና «ሽሽሽሽ» ሚለውን አርዝመው፣ አየሩ ሁሉ ከሆድህ እስኪወጣ፣ ከዛ «ር» ላይ ትከሻህን ልቀቀው። አሁን ወንበርህ ላይ ሆነህ ሞክረው እስቲ። አየህ? ወደ ውስጥ የሳብከው ትንሽ ነው፣ ያወጣኸው ረጅም ነው፣ ልብን ሚያቀዘቅዘው ማውጣቱ ሲረዝም ነው። «ረጋ በል፣ አትፍራ» እያልክ ከራስህ ጋር ከምትጨቃጨቅ ይሄ ይሻላል፣ አትፍራ የተባለ ሰው መቼ መፍራት አቁሞ ያውቃል። አንድ ቃል፣ አንድ ትንፋሽ፣ እሱም ያንተን ድምፅ ይሰማል። ይሄ ካልሆነልህ ዝፈን። የምሬን ነው፣ ሚዘፍን ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። የወሎ ልጅ ሆነህ አምባሰል ወይ ባቲ ማንጎራጎር ካቃተህ እንግዲህ እኔ ምን አባቴ ልርዳህ፣ መንዙማም ከሆነ መንዙማ።

ሌላ ነገር ደሞ ልብ በል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስብበትም። አንተ ሳምንቱን ሙሉ ኮምቦልቻ ነህ፣ 1,850 ሜትር ገደማ። እሁድ የሃረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትደርስ 2,500 ገደማ ነው፣ ሜዳው ደሞ ከዛም ከፍ ሊል ይችላል። ትንፋሽህ ቢያጥር ልብህ ቢፈጥን ከፍታውም ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ፍርሃት አይደለም። አንተ ግን ልብህ ዱብ ዱብ ሲል «ይኸው መጣብኝ» ብለህ ትተረጉመዋለህ ከዛ እውነትም ይመጣል። ውድድሩ እሁድ ከሆነ ከተቻለ ቅዳሜ ከሰአት ውጣና አጎትህ ጋ እደር፣ ሳር አጭደህ ስጠው፣ አብራችሁ አምሹ። ሚኒባስ ወርዶ በቀጥታ ኮርቻ ላይ ሚወጣ ሰው ሃሳቡ ገና ሃረጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው ያለው።

ስለ ሚኒባሱ ካነሳን ዘንድ፣ ያ መንገድ ትልቅ ፕራክቲስ ነው ለሚያውቅበት። በሳምንት አንዴ ነው ምጋልበው ብለህ ታዝናለህ አይደል፣ በጭንቅላትህ ግን በየቀኑ መጋለብ ትችላለህ። ስልክህን ኪስህ ክተትና አይንህን ጨፍን። ግን እንደ ፊልም ከሩቅ ራስህን አትይ፣ ኮርቻው ላይ ሆነህ እይ፣ ከፊትህ ሁለት ጆሮ፣ መሃላቸው ሜዳው፣ እርካቡ ጫማህ ስር ሲቆረቁርህ፣ የላቡ ሽታ፣ ጋማው ጣትህ ላይ ሲነካህ። ጊዜውንም አታሳጥረው፣ ግልቢያው ሁለት ደቂቃ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ይፍጅ። ደሞ አንደኛ ስትወጣና ስትሸለም ብቻ አታስብ፣ እሱማ ቁም ህልም ነው። አብሽር ሲዞርብህ እይ፣ ከዛ አንተ ሽሽሽ ብለህ እጅህን ስታላላ፣ ክብ አዙረኸው መልሰህ ስታስተካክለው እይ። ሲበላሽ ምን እንደምታደርግ አስቀድመህ ካየኸው እዛ ስትደርስ አዲስ አይሆንብህም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ አስር ጊዜ ትጋልባለህ በዛ መንገድ (ጎንህ ያለችው ሴትዮ ተኝቷል ትላለች፣ ትበል)።

መነሻው ላይ ደሞ ሲረበሽ አስጨንቀህ ቀጥ አድርገህ አታቁመው። የፈራ ፈረስ እግሩ መንቀሳቀስ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ስራ ስጠው፣ ትንሽ ክብ እያዞርክ እስከ መጨረሻው ድረስ አራምደው፣ መስመሩ ላይ ደሞ ጫፍ ላይ ቁም እንጂ መሃል አትግባ። ጣቶችህን ተመልከት፣ ዛቡን እንደያዝክ ጥፍርህ ነጭ ከሆነ ጨምቀሃል ማለት ነው፣ ደሙ እስኪመለስ አላላው። አይንህን ሜዳው መጨረሻ ላይ ባለ ዛፍ ላይ ትከል። ሰዉን አትይ፣ በተለይ አጎትህን አትይ።

አዎ፣ አጎትህ። አከብራቸዋለሁ፣ ፈረሱን ሚያበሉት እሳቸው ናቸው። ግን «ፈሪ ነህ» ማለት ደንባራ በቅሎ ላይ ቃጭል መጨመር ነው። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ፣ በፈረንጅ 2021 የተካሄደው፣ ምን እንደሆነ ሰምተሃል? ዘመናዊ ፔንታትሎን ሚባል ስፖርት አለ፣ ሻሞላ፣ ዋና፣ ፈረስ፣ ተኩስና ሩጫ አንድ ላይ። አኒካ ሽሉ ምትባል ጀርመናዊት አንደኛ ሆና እየመራች ፈረሱ ላይ ደረሰች። እዛ ስፖርት ላይ ፈረሱ በእጣ ነው ሚደርስህ፣ ለመተዋወቅ ሚሰጥህ 20 ደቂቃ ነው። የደረሳት ፈረስ ሴይንት ቦይ ደሞ ከሷ በፊት በሌላ ጋላቢ አልዘልም ብሎ ተረብሾ ነው የመጣው። እሷ አለቀሰች፣ እያለቀሰች ጋለበች፣ በአለንጋ መታችው፣ አሰልጣኟ ከአጥር ውጪ ሆና ምቺው እያለች ትጮህ ነበር፣ አሰልጣኟ ራሷም በቡጢ መታችው። ፈረሱ ጭራሽ እምቢ አለ። ሜዳልያ በእጇ የነበረች ልጅ 31ኛ ወጣች። አሰልጣኟ ተባረረች፣ ስፖርቱም ከ2024ቱ ፓሪስ በኋላ ፈረስ ሚባለውን ነገር ጨርሶ አወጣው። እንግዲህ ኦሎምፒክ ላይ የደረሰ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ከሂሳብ ክፍል የመጣኸው አንተ መነሻ ላይ ብትርበተበት ምን ይገርማል።

ስለዚህ ለአጎትህ ከውድድሩ ቀን በፊት፣ ቡና ላይ፣ በክብር ንገራቸው። «የዛን ቀን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ እጅህን አላላ ብቻ ይበሉኝ፣ ሌላውን ማታ እሰማዎታለሁ» በላቸው። ሽማግሌ ስራ ሲሰጠው ደስ ይለዋል፣ ዝም በሉ ስትለው ነው ሚከፋው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል አይደል፣ እኔ ግን እልሃለሁ መድረሱንም አንተ ካልፈቀድክለት አይደርስም። ለቀጣዩ ውድድር «አንደኛ እወጣለሁ» ብለህ አትሂድ። አንደኛ መውጣት ባንተ እጅ አይደለም፣ ከላይ ከጃማ ወይ ከለጋምቦ አንዱ እድሜ ልኩን ፈረስ ላይ ያደገ ልጅ ከመጣ አለቀ። ባንተ እጅ ያለው መነሻው ላይ ሶስቴ ሽሽሽ ማለት፣ ዛፉን ማየት፣ ልጓሙን አለመጎተት ነው። ማታ ማስታወሻህ ላይ ደረጃህን ሳይሆን እነዚህን አደረግኩ አላደረግኩም ብለህ ጻፍ፣ የሂሳብ ሰው ነህ ትወደዋለህ።

ማስታወሻ ካልን ደሞ የልብ ምቱን ቁጠርለት። መንጋጋው አጥንት ስር በሁለት ጣት ስትዳብስ ገመድ መሳይ ደም ስር ታገኛለህ፣ 15 ሰከንድ ቆጥረህ በአራት አባዛው። እረፍት ላይ ያለ ትልቅ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ገደማ ነው። እሁድ ጸጥ ባለበት ሰአት ቁጠር፣ ሰው ሲበዛ ቁጠር። መጀመሪያ ቀን አትሳካልህም፣ ታገስ። ሚገርምህ ግን አንድ ፈረስ ልብ ለመስማት ጣትህን አድርገህ ዝም ስትል ያንተውም ልብ ይወርዳል፣ እኔ ከነገርኩህ ሁሉ ይሄኛውን ነው ብዙ ሰው ወደውት ያየሁት።

ጥያቄህን ግን ሙሉ በሙሉ ባንተ ላይ አላደረግኩትም ልብ በል። ፈረሱም ሊሆን ይችላል። ሁለት ነገር አጣራ። ጀርባውን ከኮርቻው ስር በመዳፍህ እየተጫንክ ዳብሰው፣ እብጠት፣ ቁስል፣ ወይ ስትነካው ሚሸሽበት ቦታ ካለ እሱ ፍርሃት አይደለም ህመም ነው፣ አፉንም እይ፣ ልጓሙ ጥግ ጥጉን ልጦት ይሆናል፣ የእንስሳት ሀኪም ይይልህ። ሁለተኛ የአጎትህ ልጅ ሰው በተሰበሰበበት ቀን ይቀመጥበት፣ አንተ መሬት ላይ ሆነህ እይ። እሱም ላይ ከተሽከረከረ ችግሩ ጫጫታው ነው፣ እሱ ላይ ካልተሽከረከረ... እንግዲህ ወደ ሽሽሽ ተመለስ።

ጫጫታውን ደሞ በትንሽ በትንሹ ነው ምታለማምደው። የሰፈሩን ልጆች ሰብስብ፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ፌስታል፣ አንድ ጥላ። መጀመሪያ ከሩቅ ይሁን፣ ጆሮውን ብቻ ሚያዞርበት ርቀት ላይ፣ እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ አፉን ማንቀሳቀስ ሲጀምር አንድ እፍኝ ገብስ ስጠውና ልጆቹ ሁለት እርምጃ ይጠጉ። ከደነበረ ይመለሱ። በአንድ እሁድ ልጨርሰው ካልክ ከመጀመሪያው የባሰ ታደርገዋለህ፣ ስድስት እሁድ አለህ ይበቃሃል። በየሳምንቱ መሃል ሁለቴ የአጎትህ ልጅ ቢሰራለት ደሞ ሰርግ ላይም ጉግስ ላይም ይቆምልሃል።

አንድ ሁለት ነገር ቶሎ ቶሎ ልበል። ለድፍረት ብለህ ጫትም አረቄም እንዳትነካ፣ ጫቱ ልብህን ያስጋልበዋል፣ አረቄው እግርህን ያላላዋል፣ ሁለቱም ፈረሱ ላይ ነው ሚወጡት። ወድቀህ ጭንቅላትህን ተመትተህ ከነበረ ደሞ ራስ ምታት ወይ ማዞር ካለ ሀኪም ሳያይህ አትውጣ፣ የጋላቢ ቆብ እንኳ ባይገኝ የሞተር ሄልሜት አድርግ፣ ሚስቅ ይሳቅ። ሌላው ትንሽ ከበድ ሚለው፣ አንዳንዱ ሰው ደሴ ላይ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ የሰርግ ተኩስ ሲሰማ ፈረስ ላይ ባይሆንም ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። ያንተ የሃሙስ ሆድ ቁርጠት ከዛ ጋር የተያያዘ ከመሰለህ ያ የፈረስ ጉዳይ አይደለም፣ በኔ ዓምድም አይፈታም፣ ባለሙያ ጋ ሂድ፣ ነውር የለውም፣ እኔም ሄጄ አውቃለሁ።

ሃሙስ ማታ ሲቆርጥህ ግን ተነስና ኮርቻህን ጠግን፣ እርካቡን ፈትሽ፣ የሆዱን ጠፍር ዘይት ቀባ። ኮርቻው አጎትህ ጋ ከሆነ ለምሳሌ ቀጣዩ እሁድ ምታደርገውን በቅደም ተከተል ጻፍ፣ መጀመሪያ ጠፍር፣ ከዛ እርካብ፣ ከዛ ጋማውን መዳበስ፣ ከዛ ሁለት ዙር ሶምሶማ፣ ከዛ ሽሽሽ። ሁሌም ያው ይሁን፣ ውድድር ቀንም ያው፣ ማንም ቢቸኩል አንተ ቅደም ተከተልህን አትዝለል። አብሽርም ያኔ ቀኑን ሚለየው በምን ነው? ሁሉም እሁድ ይሆንበታል።

ከፋሲካ በኋላ ጻፍልኝ፣ ደረጃህን ሳይሆን መነሻው ላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ። ጥላ ግዛ ደሞ እንዳትል፣ የአክስትህ አሮጌው ጥቁሩ ይበቃል፣ ብቻ መዝጊያው ሲንቋቋ ከሚያስደነግጠው አይነት ከሆነ መጀመሪያ አንተ ተለማመደው።